ቀጭን ወይን

መጋቢት 4፣ ሰኞ

አዲሷ ሥራ አስኪያጅ ዛሬ ባንኮኒው ላይ ክርኗን አስደግፋ፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነው» አለችኝ። «ላስቸግርዎት» ብሎ ጀምሮ የእረፍት ቀን የሚሰጥ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። የሆቴሉ አትክልት ቦታ ሚያዝያ 1 ለእንግዳ ይከፈታል። ሙቀቱ ከወዲሁ አናት ይበሳል። ለዚያ የሚሆን ቀለል ያለ መጠጥ እንድፈጥርላት ትፈልጋለች፦ ነጭ ወይን፣ ሶዳ፣ ፍራፍሬ፣ በረዶ።

«የማይከብድ፣ በጠራራ ፀሐይ የሚጠጣ ነገር» አለች።

«ወይን ላይ ውሃ ጨምር ነው የምትይኝ?»

«ሶዳ።»

«ሶዳ ማለት ያው የተኳለ ውሃ ነው።»

ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ቤት ባሬስታ ነኝ። ወይን አቀጠነ የተባለ ሰው ከዚህ ቤት እንዴት እንደሚባረር በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን እኔው በሥራ ትእዛዝ ወይን ላቀጥን ነው። ስለዚያ ጉዳይ ግን እዚህ አልጽፍም። ይህን ደብተር የገዛሁት ለመጠጥ ቅመራ ብቻ ነው።

መጋቢት 6፣ ረቡዕ

የመጀመሪያው ሙከራ። ወይን፣ ሶዳ፣ የብርቱካን ጭማቂ፣ በረዶ፣ ሁሉንም መበጥበጫው ውስጥ ከተትኩና እንደ ልማዴ ከጆሮዬ በላይ አድርጌ ናጥኩት። ክዳኑ ሄዶ መብራቱን መታ። የቀረው በሥራ አስኪያጇ ነጭ ሸሚዝ ላይ አረፈ። እንግዶቹ ትርኢት መስሏቸው አጨበጨቡ።

ሶዳ እንደማይናጥ ሕፃን ልጅ ያውቃል። እኔ ግን ሕፃን አይደለሁም፤ የሃያ ስድስት ዓመት ልምድ አለኝ።

መጋቢት 7፣ ሐሙስ

ሸሚዙ ታጥቦም ቢጫው አልለቀቀም። ሥራ በዝቷል። ሁለተኛ ሙከራ፦ ስኳር በዛ። ሦስተኛ፦ ሎሚ በዛ። አራተኛው ላይ ምን እንደበዛ አላውቅም። እኔ ሳልሆን አልቀርም።

መጋቢት 10፣ እሑድ

አምስተኛውን ቤት ወስጄ ለባለቤቴ ሰጠኋት። ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ምላሷ ላይ ይሉኝታ የለም። አንዴ ተጎነጨች።

«የሕፃናት የሳል ሽሮፕ» አለች። «ያውም ጊዜው ያለፈበት። አንተ ራስህ ቀምሰኸዋል?»

«ጨጓራዬን ታውቂው የለ።»

«ጨጓራህንማ አውቀዋለሁ።» ይህን ያለችው እንደ ፋርማሲ ሰው ሳይሆን እንደ ሚስት ነው።

ወይን ከንፈሬን ከነካ ዐሥራ አራት ዓመት ሆኖታል። ሆቴሉ ውስጥ ይህን የሚያውቅ የለም። ብርጭቆውን አነሳለሁ፣ አሸታለሁ፣ ዓይኔን ጨፈን አደርግና «ህም» እላለሁ። ሰው ሁሉ «ህም» ያልኩትን ያዛል። በ«ህም» እንጀራ የሚበላ ሰው በዓለም ላይ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ነገሩ ጨጓራ ነው። ሐኪም ባይልም እኔ ብያለሁ።

መጋቢት 12፣ ማክሰኞ

ሥራ አስኪያጇ የሞተችው የሆቴሉ ባለቤት የወንድም ልጅ ናት። ዛሬ ብርጭቆ ስንቆጥር፣ «አክስቴ ሁሌ የምታወራው ነገር ነበር» አለችኝ። «እዚህ ቤት ወይን ላይ ውሃ ሲጨምር የተያዘ ባሬስታ ነበር አሉ። ያውቁት ነበር?»

«ብዙም አላውቀውም» አልኳት።

ብዙም! ዐሥራ ሁለት ዓመት አንድ ባንኮኒ ላይ ክርን ለክርን ስንጋፋ ኖረናል። የተሞሸርኩ ዕለት ከረባቴን ያሰረልኝ እሱ ነው። «ለስላሳው» ነበር የምንለው። ዕድሜውን ሙሉ ከለስላሳ በቀር ጠጥቶ አያውቅም፤ ድምፁም እንደዚያው ነው። የማይጠጣ ባሬስታ! ግን እሱ የቀመመውን የመለሰ እንግዳ አላየሁም።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የኔ ወለምታ ቢሆን ጥሩ ነበር።

(ስለ መጠጥ መጻፍ ነበረብኝ። ኪያር ጨመርኩበት። ሰላጣ ሆነ።)

መጋቢት 15፣ ዓርብ

ሰባተኛውን ሙከራ ለሁለት ደንበኞች በነፃ አቀረብኩ። ጀርባዬን ሰጥቼ ብርጭቆ እየወለወልኩ ጆሮዬን ጣልኩ።

«ሰውዬው ከወይን ጋር ተጣልቷል እንዴ?»

«ኧረ ከኛ ጋር ነው የተጣላው!»

ብርጭቆውን እስኪሰበር ወለወልኩት። ዐሥራ ስድስት ቀን ቀርቶኛል።

መጋቢት 18፣ ሰኞ

ቁርስ ላይ ባለቤቴ፣ «ለምን ለስላሳውን አትጠይቀውም?» አለችኝ። «ሳይጠጣ የሚያጣጥም እሱ አይደል? ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት ጭማቂ ቤት ከፍቷል። ባለፈው መድኃኒት ሊገዛ መጥቶ ስላንተ ጠየቀኝ።»

«ምን ብሎ?»

«ደህና ነው ወይ ብሎ ነዋ። ምን ይበል ታዲያ?»

ይኼ ደግሞ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ሰው ይሳደባል፣ ይራገማል፣ ሲያይህ መንገድ ይሻገራል። ደህና ነው ወይ ይባላል? ቀኑን ሙሉ ስበሳጭ ዋልኩ። በደለኛው እሱ ይመስል።

መጋቢት 21፣ ሐሙስ

በጭማቂ ቤቱ ፊት ሦስት ጊዜ አለፍኩ። በመጀመሪያው ስልክ የማናግር መስዬ ነበር፤ ስልኬ ባትሪ ጨርሷል። በሁለተኛው የጫማዬን ክር ላስር ጎንበስ አልኩ፤ ጫማዬ ክር የለውም። በሦስተኛው ምንም ሳልመስል ሮጥኩ ማለት ይቻላል። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው።

መጋቢት 24፣ እሑድ

ገባሁ። ከፍሪጅ ያወጣሁትን ነጭ ወይን በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ሶዳውን በፌስታል አንጠልጥዬ ነበር። አራት በርጩማ፣ አንድ መጭመቂያ፣ አንድ ፍሪጅ፤ ሁሉም ያንጸባርቃል፤ ድሮም ንጽሕና ይወድ ነበር። ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል።

«ግባ እንጂ» አለኝ ቀና ሳይል። «ሦስት ጊዜ ያለፈ ሰው በአራተኛው ይገባል።»

ችግሬን ነገርኩት። ቢላውን አስቀምጦ ከት ብሎ ሳቀ። «ወይን በሶዳ? አንተ?»

«ትእዛዝ ነው።»

«እኔ ሳልታዘዝ ነበር የማደርገው» አለ። ክፋት አልነበረበትም። ክፋት ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ከተነሳ አይቀር ልጻፈው። አንድ መሐንዲስ ደንበኛ ነበረን። መድኃኒት ጀምሮ መጠጥ ቀንስ ተብሏል፤ ጓደኞቹ ፊት ግን ቀንሱልኝ ማለት አፈረ። ለስላሳው እያዘነለት ብርጭቆው ላይ እኩል ሶዳ ይጨምርለት ነበር፤ ሰውዬው ራሱ ለምኖት። በዚያው ሰሞን የሆቴሉ ባለቤት በብርጭቆ የሚሸጠው የበርሜል ወይን መጋዘን ውስጥ ቀጥኖ አገኘችው። ሁላችንንም ጠራችን። «ወይን ላይ ውሃ ሲጨምር ያያችሁት ሰው አለ?» አለች። እኔ «ለስላሳውን አይቻለሁ» አልኩ። እውነት ነው፣ አይቻለሁ። የጠየቀችው ስለ ብርጭቆ አልነበረም እንጂ። እኔ ለሌላ ጥያቄ የሚሆን እውነተኛ መልስ ሰጠኋት። በዚያው ቀን ተባረረ፤ በወሩ እኔ የባሬስታዎቹ ኃላፊ ሆንኩ።

የመጋዘኑ ቁልፍ ያኔ እኔ ጋ ነበር። ቁልፍ ደግሞ ማንም ጋ ሊኖር ይችላል።

ወደ ቅመራው። «ወይኑም ሶዳውም ሁሌ ከዋዜማው ጀምሮ ፍሪጅ ውስጥ ይደሩ» አለኝ። «የሞቀ ወይን በበረዶ አቀዘቅዛለሁ ካልክ በረዶው ይሟሟል፤ ውሃ ገባበት ማለት ያኔ ነው።» ሰፋ ያለ ብርጭቆ እስካፉ በትልልቅ በረዶ ሞላ። የብርቱካን ልጣጭ ከነመራራው በትንሽ ስኳር አፍልቶ ያጠለለው ሽሮፕ ነበረው፤ ከሱ አንድ ማንኪያ። የጨው ፍንጣቂ። ሦስት እጅ ወይን። ከዚያ ብርጭቆውን አዘንብሎ ሁለት እጅ ሶዳ በጎኑ አወረደ። «አትድፋው፤ አውርደው። ከደፋኸው ጋዙ ይወጣል።» በማንኪያ ከታች ወደ ላይ አንዴ ብቻ ገለበጠው። የናና ቅጠል መዳፉ ላይ ጠፍ አድርጎ አናቱ ላይ ጣለ። ጆሮዬ ላይ አስጠግቶ «ስማው» አለኝ። ሰው ሹክ የሚል ይመስላል።

«በል ቅመሰው፤ እኔ እንደሆነ አልጠጣም።»

«ጨጓራዬ...»

ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ በርጩማ ላይ ላብ እየጠረገ ለተቀመጠ ትኬት ቆራጭ ሰጠው። «የመጀመሪያዋን ጉንጭ በይሉኝታ ነው የሚጠጣት» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሁለተኛዋን እያት።» ትኬት ቆራጩ ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ ሁለተኛዋን ደገመ።

ልወጣ ስል እየሳቀ፣ «ይገርምሃል፣ ወተት ገዝቼ ስገባ እንኳ ባለቤቴ ማንኪያ ነክራ ታየዋለች። አቅጥኜው እንደሆነ! ዐሥራ አራት ዓመት! ልማድ ሆኖባት ቀረ» አለኝ።

እኔም ሳቅኩ። አብሬው ቆሜ ሳቅኩ።

መጋቢት 26፣ ማክሰኞ

ሥራ አስኪያጇ ቀመሰች። ሳታስቀምጠው ደገመች። «ጋሼ! ይኸው ነው! በስምዎ ነው የምንሰይመው» አለች።

ዓይኔን ጨፈን አደረግኩና «ህም» አልኩ።

ሚያዝያ 1፣ እሑድ

አትክልት ቦታው ተከፈተ። ስሜ ጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ፣ በአበባ ተከቦ። ሰው ተራ ይዞ ነው የጠጣው። ባለቤቴ አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ መጥታ ሁለት ጠጣችና ለማታውቃቸው ሰዎች «ባሌ ነው» አለች። እነዚያ ሁለቱ ደንበኞችም ነበሩ። «ሰውዬው ከወይን ጋር ታረቀ» ሲሉ ሰማኋቸው።

እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እጅ ነሳሁ። ሲሰርቅ የተጨበጨበለት ሌባ ካለ ስሜቱን ይጻፍልኝ።

ሚያዝያ 3፣ ማክሰኞ

ናና አለቀ። ሶዳ አለቀ። እግሬ አብጧል። ከሁሉም ግን ወተቱ ነው። ማንኪያ ነክራ ታየዋለች።

ሚያዝያ 6፣ ዓርብ

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የኔን ያወጣው ወተት ነው። ጠዋት ባለቤቴ ሻይዋ ላይ ወተት ስትጨምር ሳይታሰብ ከአፌ ወጣ፦

«ውሃውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

ኩባያዋ ውስጥ አየች። «የቱን ውሃ?»

ነገርኳት። ያኔ ማታ ማታ ከሥራ ስወጣ መጋዘን ገብቼ ሁለት ብርጭቆ፣ ኋላ ሦስት፣ ኋላ ሳልቆጥር እጠጣ እንደነበር። የጎደለውን በቧንቧ ውሃ እሞላ እንደነበር። ለስላሳው በተባረረ በማግስቱ መጠጥ እንዳቆምኩ። ጨጓራዬ አንድም ቀን ታምሞ እንደማያውቅ።

«መጠጣትህንማ አውቅ ነበር» አለች። «ትንፋሽህ አጠገቤ ነው የሚያድረው። ያቆምክ ጊዜ ጸሎቴ የደረሰ መስሎኝ ነበር። ለካ በሰው ጀርባ ላይ ተረማምደህ ነው።» ተነስታ ወጣች። ቦርሳዋን ረስታ ተመለሰች፤ ወሰደች፤ እኔን አላየችኝም።

ይህን ደብተር መለስ ብዬ አነበብኩት። «ቁልፍ ደግሞ ማንም ጋ ሊኖር ይችላል።» የራሴን ደብተር እየዋሸሁ ነበር። ማን እንዳያነብብኝ ነው?

ሚያዝያ 8፣ እሑድ

ለለስላሳው ነገርኩት። መጭመቂያውን አጠፋ።

«ድገመው» አለ።

ደገምኩት።

«ቀስ ብለህ።»

ለሦስተኛ ጊዜ ተናገርኩት። ድምፁ አልጨመረም። ቢጮህብኝ፣ ብርቱካን ቢወረውርብኝ ምነኛ ደስ ባለኝ።

«እኔ የመሰለኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አለ። «ተሳስተህ የተናገርክ ነው የመሰለኝ። ሰው ሁሉ ሲረግምህ እኔ፣ "እሱ ምን ያድርግ፣ ያየውን ነው የተናገረው" እያልኩ ስከራከርልህ ኖርኩ። ዐሥራ አራት ዓመት ጠበቃህ ነበርኩ።»

«ይቅር...»

«እሱን አስቀምጠው። ደግሞ የምትነግረው ለኔ አይደለም፤ እኔማ አለማድረጌን አውቃለሁ። በሚመጣው እሑድ ቤት መጥተህ ለባለቤቴ ትነግራታለህ።»

ደብዳቤ ብጽፍስ አልኩ። አዎ፣ ይህን አልኩ።

«ያኔ የተናገርከው በአፍህ ነው» አለኝ። «በአፍህ ትመልሰዋለህ።» መጭመቂያውን አበራው፤ ሌላ ነገር ብናገርም እንዳይሰማ።

ሚያዝያ 13፣ ዓርብ

ከረባት ላድርግ? አላድርግ? ባለቤቴን እንዳልጠይቅ አታናግረኝም።

ሚያዝያ 15፣ እሑድ

ከረባት አደረግኩ። ሞኝ።

የለስላሳው ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው። በሩን የከፈተችው ባለቤቱ ናት። ድሮ «አንተ፣ ደግሞ ከሳህ!» የምትለኝ ሴት፣ «ይግቡ፤ ይቀመጡ» አለችኝ። አንቱ መባል እንዲህ የሚጠዘጥዝ አይመስለኝም ነበር። ለስላሳው መስኮቱ ጋ እጁን አጣጥፎ ቆመ።

መንገዱን ሙሉ ያጠናሁት ንግግር ነበር፤ ሁለት ቀልድ ሳይቀር ገብቶበታል። አፌን ስከፍት አንዱም አልነበረም። የመጋዘኑን፣ የቧንቧውን ውሃ፣ «አይቻለሁ» ያልኩትን፣ ሁሉንም ደረቁን ተናገርኩ። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ስጨርስ አላየችኝም። ወደሱ ዞረች።

«ለምንድነው ያልነገርከኝ?» አለችው።

«ነግሬሽ ነበር» አላት።

ፊቷ ላይ የሆነውን ነገር መጻፍ አልችልም፤ ብችልም መብት የለኝም። እኔ እኮ ስጦታ ይዤ የምሄድ መስሎኝ ነበር። እውነቱን ሳወጣው እሱ ቀና የሚል፣ እሷ የምታለቅስ፣ እኔም ተረግሜ ቀለል ብሎኝ የምወጣ። ሸክሜን ላወርድ ሄጄ እዚያው ሳሎናቸው መሀል ዘርግፌው ወጣሁ።

መውጣቱም ቀላል አልሆነም። የበሩ ቁልፍ እንዴት እንደሚከፈት አላውቅበትም። ወደ ቀኝ ባዞረው፣ ወደ ግራ ባዞረው እምቢ አለ። ሁለቱም ከኋላዬ ናቸው። ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ከረባት አስሬ፣ ከአንድ በር ጋር ስታገል ቆየሁ። የሚነሳልኝ አልነበረም።

ሚያዝያ 16፣ ሰኞ

ለሥራ አስኪያጇ ነገርኳት። ቆማ ነው የሰማችኝ።

«አክስቴ እስክትሞት ስሙን እያነሳች ስትረግመው ነው የኖረችው» አለች። «ሊጠይቃት ሆስፒታል መጥቶ ነበር። አላስገባውም አለች።»

ይህን አላውቅም ነበር።

ሰሌዳው ጋ ሄዳ ስሜን በመዳፏ ጠረገችው። የመጋዘኑን ቁልፍ ጠየቀችኝ፤ ሰጠኋት። «አላባርርዎትም» አለች። «ለምን እንደማላባርርዎት ግን እኔም አላውቅም።» ከሰዓት በኋላ ራሷ ወደ ጭማቂ ቤቱ ሄደች። ሥራውን መልሳ ልትሰጠው ብትጠይቀው ጭማቂ ቤቴ ይበቃኛል አላት። የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጥፋት እንዳልነበረበት የሚገልጽ፣ የሆቴሉ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ። እሷ ጻፈችው፤ ከሥር እኔ ፈረምኩ። ፊርማዬ እንዲህ አስቀያሚ መሆኑን ዛሬ ነው ያየሁት።

ሚያዝያ 19፣ ሐሙስ

ባለቤቴ በዐሥራ ሦስተኛው ቀን አናገረችኝ። «ጨው አቀብለኝ» ነው ያለችው። አቀበልኳት። ለአራት ሰው የሚበቃ ጨው ነው የነሰነሰችው። ሁለታችንም እስከ መጨረሻው በላነው።

ግንቦት 7፣ ሰኞ

ሙቀቱ ዛሬም አልበረደም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አትክልት ቦታው ጭር ብሎ ሳለ የለስላሳው ባለቤት ብቻዋን መጣች። ባንኮኒው ጋ ተቀመጠች፤ ሻርፗን አወለቀች።

«ያንን እሱ የሚሠራውን ስጠኝ» አለች።

ሠራሁላት። እጄን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስትከታተል ቆየች። ሶዳው በብርጭቆው ጎን ሲወርድ ጎንበስ ብላ አየችው። ቀመሰች። ጥቂት ቆይታ እንደገና ቀመሰች።

«ለዚህ ነው?» አለች።

«ለዚህ ነው።»

«ውሃ ነው ያሉት ይሄን ነው?»

«ይሄን ነው።»

ስለሷ ማልቀስ አልጽፍም፤ አላለቀሰችምና። በረዶው እስኪሟሟ ተቀምጣ ቀስ እያለች ጨረሰችው። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ እስክሪብቶና የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

«አሠራሩን ጻፍልኝ።»

«እሱ ያውቀው የለ እንዴ? ከኔ ይልቅ...»

«እሱን ምንም ነገር መጠየቅ ገና አልቻልኩም» አለችኝ።

ጻፍኩላት። ወይኑን፣ ሶዳውን፣ ልጣጩን፣ የጨው ፍንጣቂውን። ጨርሼ ከላይ የሠሪውን ስም አሰፈርኩ። ለስላሳው ብዬ አይደለም። ሙሉ ስሙን፣ ከነአባቱ።